የማይክሮፋይበር ፎጣ አጠባና አያያዝ

የማይክሮፋይበር ፎጣ ከሰው ፀጉር ብዙ ጊዜ በቀጠኑ ሰው ሠራሽ ክሮች የሚሠራ የመወልወያ ጨርቅ ነው። ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ የፖሊስተርና የናይለን ቅይጥ ናቸው። በመኪና እጥበት ቤት (በተለምዶ ላቫጆ) የታጠበን መኪና ለማድረቅ፣ ሰምና ፖሊሽ ለማንሳት፣ መስታወትንና የመኪናን የውስጥ ክፍል ለመወልወል ያገለግላል። ውሃንና አቧራን ከጥጥ ጨርቅ በተሻለ ይይዛል። ይኸው የመያዝ ጠባዩ ግን ፎጣው በደንብ ካልታጠበ ጉዳት ያመጣል፤ በክሮቹ መካከል የቀረ የአሸዋ ቅንጣት በሚቀጥለው መኪና ቀለም ላይ ይፋተጋል። በዚህ ምክንያት የፎጣው አጠባ የመኪናው አጠባ አንድ አካል ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ የክሩን አሠራር፣ ፎጣውን የሚያበላሹ ነገሮችንና የአጠባውን ቅደም ተከተል ይገልጻል። ለምሳሌነት በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን የሚገኙት ሮቤ፣ ጎባና የሲናና ወረዳ ተወስደዋል። የአካባቢው ከፍታ፣ ቅዝቃዜ፣ ጭቃና የአዝመራ አቧራ የፎጣውን አያያዝ ከቆላ ከተሞች የተለየ ያደርገዋል።

ታሪክ

እጅግ ቀጭን ክር በፋብሪካ የማምረት ሥራ በተለይ በጃፓን ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሬይ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሚዮሺ ኦካሞቶ እንዲህ ካለው ክር አልትራስዌድ የተባለውን ቆዳ መሰል ጨርቅ ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክሩ ለልብስና ለወንበር ልባስ ይውል ነበር። ለጽዳት የሚሆን ጨርቅ በ1980ዎቹ በጃፓን፣ ቀጥሎም በ1990ዎቹ በአውሮፓ፣ በተለይም በስዊድን እየተለመደ መጣ።

ከዚያ በፊት መኪና ለማድረቅ በብዙ አገር የሚሠራበት ለስላሳ የበግ ቆዳ ወይም የጥጥ ፎጣ ነበር። በኢትዮጵያ ያረጀ ቲሸርት፣ አሮጌ ፎጣና ስፖንጅ ዛሬም ከማይክሮፋይበር ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል።

የክሩ አሠራር

የክር ቅጥነት ዴኒየር በሚባል መለኪያ ይለካል። አንድ ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር 1 ግራም ሲመዝን ነው። ማይክሮፋይበር የሚባለው ከ1 ዴኒየር በታች የሆነ ክር ነው። 1 ዴኒየር የሆነ የፖሊስተር ክር ውፍረት ወደ 10 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ግን ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል።

ለጽዳት የሚውለው ፎጣ ክር ከዚህም በላይ የተሰነጠቀ ነው። ክሩ ተሻግሮ ቢቆረጥና በማይክሮስኮፕ ቢታይ እንደተከፈለ ብርቱካን ይመስላል። ናይለኑ በመካከል እንደ ኮከብ ተዘርግቶ ፖሊስተሩ በሽብልቅ ቅርጽ በየመካከሉ ይገባል። በፋብሪካ ሲሰነጠቅ እያንዳንዱ ሽብልቅ ለብቻው ይቆማል። ከዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛ፣ በክሮቹ መካከል የሚፈጠሩት እጅግ ጠባብ ክፍተቶች ውሃን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ሁለተኛ፣ የሽብልቆቹ ጠርዝ አቧራን ከቦታው አንስቶ ወደ ፎጣው ውስጥ ያስገባል። ፖሊስተሩ ቅባትን፣ ናይለኑ ደግሞ ውሃን በመያዝ ይተጋገዛሉ።

በገበያ ላይ 80 በመቶ ፖሊስተርና 20 በመቶ ናይለን፣ ወይም 70 በመቶና 30 በመቶ የሆኑ ቅይጦች የተለመዱ ናቸው። የፎጣው ውፍረት በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይገለጻል። ከ200 እስከ 350 ግራም የሆነው ለመስታወትና ለአጠቃላይ ጽዳት፣ ከ300 እስከ 400 ግራም የሆነው ሰምና ፖሊሽ ለማንሳት፣ ከ500 ግራም በላይ የሆነው ደግሞ ውሃ ለማድረቅ ይመረጣል።

ንጽሕናው ለምን ያሳስባል

የአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ቀለም ከላዩ ግልጽ የሆነ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከአንድ የፀጉር ዘለላ አይወፍርም። በአቧራ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ ግን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ከብርጭቆ ይጠነክራል። ቆሻሻ ፎጣ መኪና ላይ ሲሽከረከር ኳርትዙ ቫርኒሹን ይቧጭራል። ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው ክብ ክብ ጭረት የዚህ ውጤት ነው። ጭረቱ በፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል። ሆኖም ፖሊሽ የሚሠራው ቫርኒሹን በመፋቅ ስለሆነ በየጊዜው ሽፋኑን ያሳሳዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ስለዚህ ባለንብረቶች ያላቸውን ተሽከርካሪ ለረጅም ዓመታት ይይዛሉ። የቀለሙ ሁኔታም በሽያጭ ጊዜ ዋጋውን ይነካል። በሌላ በኩል መኪና ማጠብ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በአንድ ቆሻሻ ፎጣ የተቧጨረ መኪና ደንበኛ ያሳጣል፣ ካሳም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ፎጣውን የሚያበላሹ ነገሮች

የልብስ ማለስለሻ፦ ማለስለሻ ልብስን የሚያለሰልሰው ቅባትነት ያለው ስስ ሽፋን በክሩ ላይ በመተው ነው። በማይክሮፋይበር ላይ ይህ ሽፋን ክፍተቶቹን ይደፍናል፤ ፎጣው ውሃ መምጠጡን ትቶ ውሃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋል።

በረኪና፦ በውስጡ ያለው የክሎሪን ውህድ ናይለንን ይበላል። ፎጣው ለጊዜው የነጣና የጸዳ ቢመስልም ክሩ ይሰባበራል፣ ቀለሙም ይወይባል።

ከፍተኛ ሙቀት፦ ፖሊስተር የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢሆንም ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስና ቅርጹን መለወጥ ይጀምራል። ቀጫጭኖቹ ጫፎች ይታጠፋሉ፣ ፎጣውም ይሻክራል። ፎጣ አይቀቀልም፣ ካውያም አይነካውም።

ደረቅ ሳሙና፦ የልብስ ሳሙና ከቅባት የሚሠራ ስለሆነ ካልሲየም ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ዝቃጩ በክሮቹ መካከል ይቀራል። ፎጣውን በሳሙናው ድንጋይ ማሸትም ክሩን ይጎዳል።

የጥጥ ብናኝ፦ ማይክሮፋይበር ያገኘውን ብናኝ ሁሉ ይይዛል። ከጋቢ፣ ከነጠላ፣ ከብርድ ልብስ ወይም ከጥጥ ፎጣ ጋር አንድ ላይ ከታጠበ ብናኛቸውን ይሰበስብና በኋላ መስታወት ላይ ያራግፈዋል።

በባሌ ደጋ ያለው ሁኔታ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,490 ሜትር ያህል፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በሮቤ ወደ 92፣ በጎባ ወደ 91 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ይህም ቢሆን ለማይክሮፋይበር በጣም ሞቃት ነው። ከፈላ ውሃ አንድ እጅ ከቀዝቃዛ ውሃ ሁለት እጅ ጋር ቢቀላቀል ለአጠባ የሚስማማ፣ ከ40 ዲግሪ እምብዛም የማይርቅ ለብ ያለ ውሃ ይገኛል።

የቧንቧው ውሃ ቀዝቃዛ መሆኑ ሌላ ችግር ያስከትላል። የዱቄት ሳሙና (በተለምዶ ኦሞ) በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ በሙሉ ላይሟሟ ይችላል፤ ያልሟሟው ፍሬ በፎጣው ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ፈሳሽ ሳሙና ይመረጣል። ዱቄት ብቻ ካለ አስቀድሞ በትንሽ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ከተሟሟ በኋላ ወደ ሳፋው ይጨመራል።

የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ያለው ሲሆን ሲናና በስንዴና በገብስ ምርት ይታወቃል። በዝናብ ጊዜ የዋልካ አፈር ጭቃ በመኪና ጎማና ጎን ላይ ይጋገራል። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ከኮምባይነር የሚነሣው እብቅና አቧራ አየሩን ይሞላዋል። ሁለቱም ፎጣ ይጎዳሉ። ጭቃው መጀመሪያ በብዙ ውሃ ካልተነሣ ፎጣው ወደ ብርጭቆ ወረቀትነት ይለወጣል። እብቁ ደግሞ ሊደርቅ በተሰጣ ፎጣ ላይ ተሰክቶ በቀላሉ አይወጣም።

ከአጠባ በፊት መለየት

ፎጣዎች እንደ ሥራቸው ተለይተው ይታጠባሉ። በቀለም መለየት ሥራውን ያቀልላል። ለምሳሌ፦

፩. ሰማያዊ፦ የመኪናውን ቀለም ለማድረቅና ሰም ለማንሳት
፪. አረንጓዴ፦ ለመስታወት
፫. ቢጫ፦ ለወንበር፣ ለዳሽቦርድና ለበር ውስጠኛ ክፍል
፬. ግራጫ ወይም ጥቁር፦ ለጎማ ቸርኬ፣ ለበር ሥርና ለሞተር

የቀለሙ ምርጫ ወሳኝ አይደለም፤ ወሳኙ ሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ሥርዓት መከተሉ ነው። ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝና ከሞተር የሚገኘው ግሪስ በአንድ ሳፋ ወደ ቀለም ፎጣ እንዳይተላለፍ አራተኛው ምድብ ሁልጊዜ በመጨረሻና ለብቻው ይታጠባል። መሬት ላይ የወደቀ የቀለም ፎጣ ወዲያው ከሥራ ይወጣል። ጠጠር ካልነካው በደንብ ታጥቦ ሊመለስ ይችላል፤ ካልሆነ ወደ አራተኛው ምድብ ይወርዳል።

አዲስ ፎጣም ከመጀመሪያው ሥራ በፊት ይታጠባል። የፋብሪካ ብናኝና ትርፍ ቀለም በዚህ ይወጣል። በጠርዙ የተሰፋው ማርካ ሻካራ ስለሆነ በጥንቃቄ ተፈትቶ ይነሣል።

የእጅ አጠባ ቅደም ተከተል

፩. ደረቅ ፎጣ ከነፋስ ጀርባ በኩል ሆኖ በኃይል ይራገፋል። በውስጡ ያለው አብዛኛው አቧራ ከመርጠቡ በፊት እንዲወጣ ይደረጋል።

፪. በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። ውሃው ጭቃ እስከማይመስል ድረስ ይደገማል።

፫. በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ማለስለሻ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል። ሰም ወይም ቅባት ለነካው ፎጣ ቅባትን የሚቆርጠው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ (በተለምዶ ላርጎ) ይስማማል።

፬. ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ሳሙናው የሚሠራው በዚህ ጊዜ ስለሆነ መዘፍዘፉ ብዙ ከማሸት ይሻላል።

፭. ፎጣው በእጅ እየተጨመቀና እየተለቀቀ ይታሻል። በብሩሽ ወይም በድንጋይ ላይ አይፈተግም። ጠጠር የያዘ ቦታ ካለ በጣት ተዳስሶ ይለቀማል።

፮. ፎጣው ከሳፋው ተነሥቶ ውሃው ይደፋል። ውሃው ላዩ ላይ ቢደፋበት ግን ከታች የዘቀጠው አሸዋ ተመልሶ ይገባበታል።

፯. አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። የቀረ ሳሙና ውሃ መምጠጥን ይቀንሳል፣ መስታወት ላይም መስመር ይተዋል።

፰. ሳይጠማዘዝ በመዳፍ ተጨምቆ ይሰጣል።

በሥራ መካከል ፎጣው ወዲያው የማይታጠብ ከሆነ ክዳን ባለው ባልዲ ውሃ ውስጥ መቆየቱ ይመረጣል። በፎጣ ላይ የደረቀ ሰምና ፖሊሽ ከእርጥቡ ይልቅ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም መከላከያ ለማንሳት ያገለገለ ፎጣ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መከላከያው ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚጠነክር ፎጣው ዳግመኛ ቀለም ላይ አይውልም።

በማሽን ማጠብ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለበት ፎጣዎቹ ለብቻቸው፣ በ40 ዲግሪ፣ ከማሽኑ መጠን ከሁለት ሦስተኛ ሳይበልጡ ይታጠባሉ። ማሽኑ ከተጨናነቀ ቆሻሻው የሚወጣበት ቦታ አያገኝም። በጣም ለቆሸሹት እስከ 60 ዲግሪ መጠቀም ይቻላል። የማለስለሻ ማስቀመጫው ባዶ ይሁን፤ ተጨማሪ የማለቅለቂያ ዙርም ይጠቅማል። ግሪስ የያዘ ፎጣ ቤተሰቡ ልብስ በሚያጥብበት ማሽን ባይገባ ይመረጣል።

ማድረቅ

ማይክሮፋይበር ከጥጥ ፈጥኖ ይደርቃል። ሆኖም ደጋ ላይ በዝናብ ወቅት አንድ ወፍራም ፎጣ በአንድ ቀን ላይደርቅ ይችላል። ሻጋታ ክሩን ባይበላውም በክሩ ላይ በቀረው ቆሻሻና ሳሙና ላይ ይበቅላል፤ የመጥፎ ሽታ ምንጩም ይህ ነው። እርጥብ ፎጣዎች ተደራርበው በባልዲ ወይም በፌስታል አያድሩም።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በባሌ ደጋ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ጠንካራ ነው። ጨረሩ ከጊዜ በኋላ ናይለንን ያደክማል፣ ቀለምንም ያደበዝዛል። ስለዚህ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በረንዳ ወይም ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ሥር ይመረጣል። ልብስን በሣር፣ በአጥር ወይም በቁጥቋጦ ላይ ማስጣት የተለመደ ቢሆንም ለማይክሮፋይበር አይሆንም። የሣር ፍሬና እሾህ ይሰካበታል፤ እሾሃማ ሽቦም ክሩን ይመዝዛል። ለስላሳ የናይለን ገመድ በቂ ነው። በአጨዳ ሰሞን ገመዱ ወደ ቤት ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

የሚያስፈልገው ፎጣ ብዛት በማድረቂያው ጊዜ ይወሰናል። በቀን 6 መኪና የሚያጥብ ቤት ለእያንዳንዱ መኪና ቀለም 2 ፎጣ ቢመድብ በቀን 12 ፎጣ ይፈልጋል። ማድረቅ አንድ ቀን በሚወስድበት በበጋ 12 በሥራ ላይ፣ 12 በገመድ ላይ ስለሚሆኑ 24 ይበቃሉ። ሁለት ቀን በሚፈጅበት በዝናብ ወቅት ግን 36 ያስፈልጋሉ። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበበት ሠራተኛው ያልታጠበ ፎጣ ለመድገም ይገደዳል።

አቀማመጥ

የደረቁ ፎጣዎች እንደገና ተራግፈው፣ ታጥፈው፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ በየምድባቸው ይቀመጣሉ። ፎጣ ሁለት ጊዜ ቢታጠፍ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣል፤ አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ከመሣሪያ፣ ከነዳጅና ከግሪስ ጋር በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ንጹሑን ፎጣ ያበላሻል።

የደከመ ፎጣን ማደስ

ውሃ መምጠጥ ያቆመ ፎጣ ሁልጊዜ አርጅቷል ማለት አይደለም። ምክንያቱ ቅባት ወይም ማለስለሻ ከሆነ በለብታ ውሃና በላርጎ ለአንድ ሰዓት ተዘፍዝፎ ብዙ ጊዜ ሲለቀለቅ ይሻሻላል። ምክንያቱ የውሃ ማዕድን ከሆነ ደግሞ በ10 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ተጨምሮ ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል። የአቼቶው አሲድ የካልሲየሙን ዝቃጭ ያሟሟል።

በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ውሃ የኖራ ድንጋይን ምን ያህል እንደሚያሟሟ ከሮቤ በስተ ምሥራቅ የወይብ ወንዝ የፈለፈለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ያሳያል። ሳሙና በቀላሉ የማያረፋበት ውሃ እንዲህ ያለ ማዕድን እንዳለው ይገመታል።

ማስጠንቀቂያ፦ አቼቶና በረኪና በፍጹም አይቀላቀሉም። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል።

የፎጣውን ሁኔታ መፈተን

የውሃ ጠብታ፦ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ፎጣውን በላዩ ማሳረፍ። ውሃውን ሳይገፋ ከጠጣው ክሩ ጤነኛ ነው።

አሮጌ ሲዲ፦ ፎጣውን በማይፈለግ ሲዲ አብረቅራቂ ገጽ ላይ ጫን ብሎ ማሸት። ጭረት ከታየ የመኪና ቀለምንም ይጭራል።

የእሳት ፈተና፦ አዲስ ሲገዛ እውነተኛነቱን ለማወቅ ከጠርዙ የተመዘዘ አንድ ክር ብቻ በጥንቃቄ ይለኮሳል። ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ጠንካራ እንክብል ይሆናሉ፤ ጥጥ ግን እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል።

ፈተናውን ያላለፈ ፎጣ ወዲያው አይጣልም። ከቀለም ወደ ውስጥ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ቸርኬ፣ በመጨረሻም ወደ ሞተር ጽዳት እየወረደ ያገለግላል። ወደ ላይ ግን አይመለስም።

አካባቢያዊ ጉዳይ

ማይክሮፋይበር ፕላስቲክ ስለሆነ በታጠበ ቁጥር ደቃቅ ክሮች ወደ ውሃው ይለቃል። ክሮቹ በተፈጥሮ ቶሎ አይበሰብሱም። የላቫጆ ፍሳሽ ከዚህ ሌላ ዘይት፣ የብረት ብናኝና ሳሙና ይይዛል።

ጉዳዩ በባሌ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የሚነሡ ወንዞች ወደ ምሥራቁና ወደ ደቡቡ ቆላ ይፈስሳሉ። በሮቤና በጎባ አቅራቢያ የሚያልፉት ሻያና ቶጎና ወደ ወይብ ይገባሉ። ወይብ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ በሶማሊያ የጁባ ወንዝ ይሆናል። በደጋው የተደፋ ውሃ በቆላ ለሰውና ለከብት መጠጥ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል።

ጉዳቱን ለመቀነስ ፎጣም ሆነ መኪና ወንዝ ዳር አይታጠብም። የአጠባው ውሃ በጉድጓድ ወይም በገንዳ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ የሳፋው ውሃ ከመደፋቱ በፊት ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ቢጠለል የክሩን ብዛት ይቀንሳል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ለሚቀጥለው ፎጣ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ሊሆን ይችላል። ፎጣን ሳያስፈልግ አለማጠብ፣ በአግባቡ ይዞም ዕድሜውን ማራዘም ሌላው መንገድ ነው።

ሌሎች አገልግሎቶች

ተመሳሳይ ጨርቅ ለመነጽር፣ ለካሜራ ሌንስ፣ ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን ይውላል። የእነዚህ ገጽ ከመኪና ቫርኒሽ ባልተናነሰ ሁኔታ በቀላሉ ይጫራል። ስለዚህ የስክሪን ጨርቅ ለብቻው ይታጠባል፣ ያለ ማለስለሻ፤ በላቫጆ ያገለገለ ፎጣ ምንም ያህል ቢታጠብ ወደ ስክሪን አይመጣም።